ከግራናው ሰርግ ሥር የቀረው

ሽፈራው ስልክ አይወድም። ይህን የምለው እኔ ካሳሁን፣ በስልክ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ። መርሳ መናኸሪያ ጀርባ ባለችው ቆርቆሮ ቤቴ ውስጥ ሃያ ዓመት ቴፕና ራዲዮ ስጠግን ኖሬ ዘመን ሲገለበጥ አብሬ ተገለበጥኩ፤ ስልክ ጠጋኝ ሆንኩ። ሽፈራው ግን አልተገለበጠም። ከእኔ ሦስት በር አልፎ አስፋልቱ ዳር «ፀዳለ ሙዚቃ ቤት» የሚል ቀለሙ የተላላጠ ሰሌዳ አለ። ከሰሌዳው ሥር የሚሸጠው ቻርጀር፣ የጆሮ ማዳመጫና የስልክ ከቨር ነው። ከዚያ ቤት ሙዚቃ መሸጥ ከቆመ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። ሰሌዳውን አውርደው ስንለው «የሱቁ ስም አይደለም፤ የሚስቴ ስም ነው» ይለናል።

ትውልዱ ውርጌሳ ነው። አባቱ አስፋልቱ ዳር ሻይ ቤት ነበራቸው። የጭነት መኪና ሹፌሮች ምሳ ሲበሉ የመኪናቸውን ቴፕ ሳይዘጉ ይወርዱ ስለነበር ሽፈራው ሙዚቃ የለመደው ከመኪና በር ነው። ሆኖም አንድም ዘፈን እስከ መጨረሻው ሰምቶ አያውቅም። ሹፌሩ በልቶ ሲነሳ ዘፈኑን ይዞት ወይ ወደ ወልድያ ወይ ወደ ደሴ ይሄዳል። አንድ ቀን የዘፈን መጨረሻ ልስማ ብሎ ጭነት መኪና ኋላ ተንጠልጥሎ እስከዚህ እስከ መርሳ መጣ። ሞተሩ ጮኾበት ምንም አልሰማም፤ ሲመለስ አባቱ በአለንጋ ጠበቁት። «ግማሽ ግማሽ ዘፈን እየሰማሁ አደግኩ» ሲለን ድሮ እንስቅበት ነበር።

እንዲህ ያለ ልጅ ሲያድግ ምን ይሆናል፤ ሙዚቃ ቤት ይከፍታል። በ1985 ዓ.ም. ይህችን ሱቅ ተከራየ። ካሴት ይሸጣል፣ የመረጣችኋቸውንም ዘፈኖች ባዶ ካሴት ላይ ይቀዳላችኋል። ዋና ሥራው ግን ሰርግ ነበር። ከሲሪንቃ እስከ ውርጌሳ፣ ከመርሳ እስከ ግራና ሰርግ በተሰማ ቁጥር ትልቁን ቴፕ ተሸክሞ ይሄዳል፤ ዳሱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይቀዳል፤ አንዱን ካሴት ለባለሰርጉ ሰጥቶ አንዱን ለራሱ ያስቀራል። የወረዳችን የሐብሩ ሰው ልጁን ሲድር የዘፈነው ሁሉ የሙሽሮቹ ስም ተጽፎበት በሱቁ መደርደሪያ ላይ ነበር።

ሥራውን ይችልበታል፤ ክፋቱ ስስቱ ነው። የሰሰተው ለገንዘብ አይደለም፣ ለካሴት ነው። ጣቱን ከቁልፉ ላይ አያነሳም። ዘፋኙ ጉሮሮውን ሊያርስ ሲያቆም ሽፈራውም ያቆማል። ሽማግሌዎች ሊመርቁ ሲነሱ ቀጭ ያደርገዋል። በዚህ የተነሳ በሽፈራው ካሴት ውስጥ የተመረቀ ሙሽራ የለም። የሲሪንቃ ሰው የሆኑ አንድ አባት «ልጄን ያን ያህል መርቄ ድሬ፣ በካሴት ስሰማው ዲዳ ሆኜ ተገኘሁ» ብለው ሱቁ ድረስ መጥተው ተቆጥተውታል። «አባቴ፣ የእርስዎ ምርቃት እግዜር ዘንድ ተቀድቷል። ካሴት የሚያስፈልገው ለዘፈኑ ነው» አላቸው። ሽማግሌው ካሴታቸውን ይዘው ሄዱ።

ፀዳለ የልብስ ሰፊው ልጅ ነበረች። ቴፕ የበላባትን ካሴት ልታስጠግን መጀመሪያ የመጣችው ወደ እኔ ነው። ሥራ በዝቶብኝ ነበርና ወደ ሽፈራው ላክኋት። «ሚስቴን ያገኘሁት በካሳሁን ስንፍና ነው» እያለ ዕድሜ ልኩን አላገጠብኝ። ካሴቱን ጠገነላት፤ በሁለተኛው ሳምንት ያልተበላሸ ካሴት ይዛ መጣች።

ፀዳለ ድምፅ ነበራት። አምባሰል ስታንጎራጉር እኔ በሦስት በር ርቀት ላይ የያዝኩትን ብየዳ አቆም ነበር። ግን ሰው ፊት አትዘፍንም። ሱቁን ስትጠርግ ትጀምራለች፤ ደንበኛ ሲገባ አፏን ትዘጋለች። ሽፈራውን የውርጌሳው ዕጣው መርሳ ድረስ ተከተለው ማለት ነው።

የተጋቡት በጥር 1987 ነው። የመልሱ ቀን በአባቷ ቤት ትልልቆቹ ሰዎች ከሄዱ በኋላ ጓደኞቿ «ዛሬስ ካልዘፈንሽ አንለቅሽም» ብለው ያዟት። ዘፈነች። ራሷ ለእርሱ የገጠመችውን አምባሰል፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። እኔ ያን ቀን እናቴ ታመውብኝ ወልድያ ነበርኩ፤ የምነግራችሁ ከእርሱ የሰማሁትን ነው። «ከውርጌሳ ወዲያ…» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግጥም ሽፈራው አያስታውሰውም። ዜማውን ያንጎራጉረዋል፤ ቃሉ የለም። እዚያ የነበሩትን ሴቶች በኋላ እየዞረ ጠይቋቸዋል። መዝፈኗን እንጂ ምን እንዳለች የያዘ አልተገኘም።

እንዴት የራሱን ሰርግ ዘፈን ይረሳል ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬዋለሁ። ሙሽራ ነበር፣ ትንሽም ቀማምሶ ነበር፤ ከሁሉ በላይ ግን ቀድቼዋለሁ ብሎ ተማምኖ ነበር። ተቀድቷል የተባለ ነገር ማን በቃሉ ይይዛል?

ካሴቱ «ሽፈራውና ፀዳለ» ተብሎ አራት ዓመት መደርደሪያው ላይ ተቀመጠ። አንድ ሁለቴ አስገብተው የመጀመሪያውን ጭፈራ ሰምተው ስቀዋል፤ ደንበኛ እየመጣ ያቋርጣቸዋል፤ መጨረሻው ላይ ሽፈራው ደርሶ አያውቅም። ለምን ይቸኩላል? ዘፋኟ ቤቱ ውስጥ አለች። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል።

ከዚያ የአሰብ መንገድ ተዘጋ። በ1991 ጥር ባዶ ካሴት በመርሳም በወልድያም ጠፋ። ሙባረክ የሚባል የግራና ወጣት ገበሬ ሊያገባ ነበርና ሽፈራው እቀዳልሃለሁ ብሎ ቃል ገብቶለታል። የሰው ሰርግ የተቀዳበትን ካሴት ሽፈራው ከጀርባው ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች በካቻቢቴ ይሰብራቸዋል። እነርሱ ከተሰበሩ ቴፑ እላዩ ላይ ድጋሚ አይቀዳም። መደርደሪያው ላይ ፕላስቲኩ ያልተሰበረ ካሴት አንድ ብቻ ነበር፤ የራሱ። ቆጣቢ አይደል፣ ምናልባት ቢያስፈልግ ብሎ ትቶት ነበር። አሁን አስፈለገ። የራሱን ሰርግ ይዞ ግራና ወረደና የሙባረክን ሰርግ እላዩ ላይ ቀዳ። ግልባጭ የሚያወጣበት ሌላ ካሴት ስላልነበረ ያንኑ አንዱን ለሙባረክ ሰጥቶት ተመለሰ።

ፀዳለ ስትሰማ አልተቆጣችም። በኋላ ግን «ያን አምባሰል እስቲ ድገሚው» ሲላት «አንዴ ዘፍኜዋለሁ። መያዝ ያንተ ሥራ ነበር» ትለዋለች። ይስቃል። ሌላ ቀን ይለምናታል፤ ያንኑ ትመልስለታለች። አንድ ቀን ይራራ ይሆናል ልቧ ብሎ ሃያ ምናምን ዓመት ነገ ነገ አለ።

በመካከሉ ካሴት ሞተ። ሲዲ መጥቶ ሳይሞቅ ሄደ። ቀጥሎ ሰው ሁሉ ሜሞሪውንና ፍላሹን ይዞ «ጫንልኝ» የሚልበት ጊዜ መጣ፤ ሽፈራው በአንድ ቀን የአርባ ሰው ስልክ ሲሞላ አይቻለሁ። እርሱም አለፈ፤ ሁሉም ከቴሌግራም ያወርዳል። መደርደሪያውን ቻርጀር ወረሰው፤ ካሴቶቹ ካርቶን ገብተው ጓዳ ተከተቱ።

በ2014 መኸር መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ የስኳር መድኃኒት በጠፋበት ጊዜ ፀዳለ ሞተች። ስለዚያ ወራት ብዙ አልናገርም፤ እዚህ አገር ያለ ሰው ሁሉ የራሱን ያውቃል። ሱቁም ተሰበረ። ከጓዳው የወጡት ካሴቶች አስፋልቱ ላይ ተበትነው መኪና ሄደባቸው። ሽፈራው ሐዘን ላይ ተቀምጦ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ተነስቶ ጆንያ ይዞ ወጣና ያልተሰበሩትን መልቀም ጀመረ። ለቅሶኛው ሁሉ አእምሮው ተነካ አለ። እኔም ከሚሉት አንዱ ነበርኩ፤ ይቅር ይበለኝ።

ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ልጁ ፌቨን ከወልድያ አዲስ ስልክ ገዝታለት መጣች። ባንክ ነው የምትሠራው፤ ነገሩ ሁሉ ፈጣን ነው። የሙዚቃ መተግበሪያ ጭናለት በየወሩም ልትከፍልለት ተስማምታ ነበር። እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ ነበር።

«አባዬ፣ እዚህ ውስጥ የዓለም ዘፈን ሁሉ አለ» አለችው። «ያን ሁሉ ካርቶን ጣለውና ቤቱ ይስፋህ።»

«ሁሉም አለ?»

«ሁሉም። የምትፈልገውን ንገረው ብቻ፤ ይሰማሃል።»

ሽፈራው ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋና ቀስ ብሎ «ፀዳለ። መርሳ። ጥር ሰማንያ ሰባት» አለው። ስልኩ ጥቂት ፈለገና የጫማ ማስታወቂያ ከፈተ። ፌቨን ልትስቅ ጀምራ የአባቷን ፊት ስታይ ተወችው።

«ሁሉም የለም» አለ ሽፈራውና ስልኩን መልሶ ሰጣት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ሰውየው የባሰበት። ለቆራሌው «ካሴት ካገኘህ ለሌላ እንዳትሰጥ» ብሎ አስጠነቀቀው። ሰው ቤት ለለቅሶም ለክርስትናም ሲጠራ ዓይኑ ቁም ሳጥን ላይ ነው። ውርጌሳ ወርዶ የሟች አጎቱን ሳጥን አስከፍቷል፤ ሲሪንቃ ሄዶ ከአንድ የጡረተኛ ቤት ሁለት ኬሻ ካሴት ተሸክሞ መጥቷል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ከተማው ምን እንደሚለው ግን ሽፈራው ደህና አድርጎ ያውቅ ነበር። እኔ ራሴ ነግሬዋለሁ።

«ምን ልታደርገው ነው? በስልክ አለልህ» አልኩት።

«ከጎረቤት ቧንቧ የምትቀዳው ውሃ ያንተ ነው?» አለኝ። «ሲዘጉት ምን ትጠጣለህ?»

እውነቱን ነው፤ በዚያው ሳምንት ኔትወርክ ጠፍቶ ስልክ ውስጥ አለ የተባለው የዓለም ዘፈን ሁሉ አብሮ ጠፍቶ ነበር፤ መርሳ ላይ የሚዘፍነው የሽፈራው ቴፕ ብቻ ነበር። አሮጌውን ቴፕ የጠገንኩለትም እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ከሰዓት ከሰዓት እኔ ሱቅ እየመጣ ካሴቶቹን አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ጀመርን። እርሱ የራሱን ክምችት ይሰበስባል፤ እኔ እነጫነጫለሁ።

በመስከረም ከሲሪንቃ የመጣ አንድ ካሴት ስንገለብጥ ዘፈኑ አለቀ። ልዘጋው ስል ሽፈራው እጄን ያዘኝ። ከዝምታው በኋላ ሌላ ድምፅ መጣ፤ ጅዳ ላለ ወንድሙ በካሴት መልእክት የሚልክ ሰው። ላሟ መውለዷን፣ የጉድጓዱ ውሃ መድረቁን ይነግረዋል። ድሮ እንዲህ ነበር፤ ደብዳቤ የማይጽፍ ሰው ድምፁን ቀድቶ ይልካል።

«ይሄ ከየት መጣ?» አለኝ።

«ከሥር ነው» አልኩት። «በፊት የተቀዳው ይሄ ነው። ዘፈኑን በኋላ እላዩ ላይ ቀዱት፤ ዘፈኑ አጭር ሲሆን ያልሸፈነው ጫፍ ቀረ። ስንት ዓመት ካሴት ሸጠህ ይህን አታውቅም?»

ሽፈራው ካሴቱን ከቴፑ አውጥቶ ጫፉን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። «ግራና ላይ ባትሪው አልቆብኝ ነበር» አለ። «የሙባረክን ሰርግ አልጨረስኩትም። ካሳሁን፣ እስከ ጫፉ አልደረስኩም። እርሷ የዘፈነችው ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው።»

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ነሳኝ ብል ውሸት አይደለም። መንገዱ ሰላም እስኪሆን ሁለት ወር ጠበቅን፤ በየቀኑ እየመጣ «ዛሬስ?» ይለኛል። በኅዳር አንድ ጠዋት ባጃጅ ይዘን ግራና ገባን።

የሙባረክን ቤት ማግኘት አልከበደንም። ቤቱ ከማሳው ዳር ነው። ከሲሪንቃ እርሻ ምርምር የመጣው ቶሎ ደራሽ ማሽላ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ቀልቶ ነበርና የአገሩ ወፍ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ማሽላው መካከል ከእንጨት እንጨት የካሴት ክር ተወጥሯል። ነፋስ ሲመታው ያብረቀርቃል፣ እዝዝ ይላል፤ ወፉ ይሸሻል። እኛ አገር አሮጌ ካሴት የሚያልቀው እንዲህ ነው። ይህን እያወቅኩ አስቀድሜ አለማሰቤ አናደደኝ። ሽፈራው ባጃጁ ሳይቆም ወርዶ አንዱን ክር በሁለት ጣቱ ያዘው፤ እንደ በሽተኛ እጅ ቀስ ብሎ ነው የያዘው።

ሙባረክ ወንጭፉን ትከሻው ላይ ጥሎ መጣ። ፂሙ ሸብቷል። «አሰላሙ ዐለይኩም… ጋሽ ሽፈራው ነዎት እንዴ? የሰርጌ ሰውዬ! ግቡ እንጂ፣ ምን ቆማችኋል?»

«ሙባረክ፣ ያን ጊዜ የሰጠሁህ ካሴት አለ?»

«የሰርጉ? ቴፑ ከተበላሸ ስንት ዓመቱ።» ዙሪያውን አየና አፈረ። «ወላሂ ጋሽ ሽፈራው፣ እስካሁን አስቀምጬው ነበር። ዘንድሮ ወፉ በዛ፤ ሌሎቹ ካሴቶች አለቁ። እሱንም ሳብኩት።»

ባለቤቱ በሩ ላይ ሆና ትሰማ ነበር። «ምኑን ነው የሳብከው?» አለችው።

«ካሴቱን።»

«የሰርጌን ዘፈን ለወፍ ነው የምታሰማው?»

ሙባረክ ወንጭፉን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። ሽፈራውን አየሁት፤ በሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር።

ሴትየዋ ገብታ አንዲት ቅርጫት ይዛ ወጣች። ባዶ የካሴት ቀፎዎች ናቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ ግን ባዶ አልነበረም። ሙባረክ የሳበው ለማሳው የሚበቃውን ብቻ ነው፤ ሩቡ ያህል ክር አሁንም እምብርቱ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ቀፎው ላይ በሽፈራው እጅ «ሙባረክ፣ ግራና፣ 1991» ተጽፏል። ሽፈራው ወረቀቱን በጥፍሩ ላጥ አደረገው። ከሥሩ ሌላ ወረቀት ነበር፤ «ሽፈራውና ፀ…» ይላል፤ የቀረው አብሮ ተልጧል።

«ፀዳለ ደህና ናቸው?» አለ ሙባረክ የቀረችውን ፊደል አይቶ።

«አርፋለች።»

«አላህ ይዘንላቸው። አብሽሩ ጋሽ ሽፈራው፣ አላህ ያጽናዎት።» ከዚያ ምንም ሳንጠይቀው ማሳው ውስጥ ገብቶ ክሩን ከየእንጨቱ መፍታት ጀመረ። «ወፉንስ?» ስለው፣ «ዛሬ በድምፄ እጠብቃለሁ» አለኝ። ሚስቱ ከኋላው እየሰበሰበች «የኔ ሰርግ አንዲት ክር እንዳትቀር» ትለዋለች። እኔ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ እስክሪፕቶ ቀፎው ውስጥ ሰክቼ ጠመጠምኩ። አቧራ የበላው፣ ፀሐይ ያቃጠለው ነበር፤ ለባልና ሚስቱ ተስፋ አልሰጠኋቸውም፤ የሚሰማውን ያህል ገልብጬ ልልክላቸው ግን ቃል ገባሁ። ምሳ ሳንበላ አልለቀቁንም። ሽፈራው ምሳውን የበላው ቀፎውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነው።

በማግሥቱ ፌቨን ከወልድያ መጣች። በሬን ዘጋሁ። የገበያ ቀን ነበርና ውጭው ይንጫጫል። ክሩን በአልኮል ጠርጌ ከሌላ ካሴት ባወጣሁት ጤነኛ ቀፎ ውስጥ አስገብቼው ነበር። ሽፈራው ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ፣ ተላጭቶ መጥቷል። ሰርግ የተጠራ ሰው ይመስላል። «ቁጭ በል እንጂ፣ ምን ትገተራለህ» ብዬ ጮህኩበት።

መጀመሪያ የመጣው ግራና ነው። ከበሮ፣ እልልታ፣ ጭብጨባ። ቀጥሎ ድምፁ እየቀጠነና እየፈጠነ ሄደ፤ ባትሪ ሲደክም የተቀዳ ነገር ሲሰሙት እንደዚያ ነው፤ የግራና ጎረምሶች እንደ ጫጩት ሲጮሁ ፌቨን ፈገግ አለች። ቀጭ አለ። ከዚያ እሽሽ የሚል ዝምታ ሆነ። ሽፈራው ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዟል።

ሴቶች መጡ። «ዛሬስ አንለቃትም! ተነሺ! ተነሺ!» ሳቅ። ብርጭቆ ሲጋጭ ይሰማል። አንዲት ሴት ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ሁሉም ጸጥ አለ። ፌቨን አፏን በእጇ ያዘች። እኔም አወቅኋት፤ ሱቅ ስትጠርግ ከመጀመሯ በፊት እንደዚያ ነበር የምታደርገው።

የመጣው ግን የወንድ ድምፅ ነው። ወጣት፣ ቸኩሎ የሚናገር፣ ትንሽ የቀማመሰ። «ቆይ ቆይ፣ ካሴቱ ሊያልቅ ነው። ለነገው ቅልቅል ላስተርፍ። እናንተ ቀጥሉ፣ እኔ ልዝጋው።»

ከዚያ እርሷ፣ ቅርብ ሆና፣ እየሳቀች፤ «እንዴ ሽፈራው፣ ለኔ ሲሆን ነው ካሴት የሚያልቅብህ?»

ቀጭ።

ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ክሩ እስኪያልቅ ጠበቅን። ቴፑ ራሱ ተዘጋ።

እኔ በዚያ ጊዜ የማስበው ፀዳለን ነው። አምባሰሏ አለመቀዳቱን ከዚያች ቀን ጀምሮ ታውቅ ነበር ማለት ነው። አንዴ ዘፍኜዋለሁ፣ መያዝ ያንተ ሥራ ነበር ስትለው የግራናን ነገር የምታነሳ መስሎት ሃያ ምናምን ዓመት ሳቀ። እርሷ የምትለው ሌላ ነበር። ሰው የሚወደውን ሰው እንዲህ ጎን ለጎን ሆኖ ሳይሰማው ይኖራል። ሽፈራው ይህን ሁሉ ያኔ እዚያው ወንበር ላይ ሲረዳው ፊቱ ላይ አየሁት፤ ባላይ ይሻለኝ ነበር።

«ዘፍናለች» አለ በመጨረሻ። «ከዘጋሁት በኋላ ነው የዘፈነችው። አለመቀዳቷን ረሳሁት።»

ፌቨን አጠገቡ ተንበርክካ ነበር። «አባዬ፣ እማዬ ስትስቅ ሰማኋት እኮ» አለችው። «ወጣት ሆና ሰምቻት አላውቅም።» እያለቀሰችም ነበር፣ እየሳቀችም። «አንዴ ድገምልን፣ ጋሼ ካሳሁን።»

ደገምኩላቸው። አራት ጊዜ ደገምኩላቸው። በእያንዳንዱ ጊዜ የእርሱ ድምፅ ሲመጣ ሽፈራው ዓይኑን ይጨፍናል፤ የእርሷ ሲመጣ ይገልጣል። ይህን ሳይ አንድ ነገር ልረዳው ፈለግኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስነጫነጭበት ኖሬ እኔ የምችለው ደግሞ ይህን ብቻ ነው።

«ሽፈራው» አልኩት፣ «ወደ ስልክህ ሳልገለብጠው የአንተን ድምፅ ቆርጬ ላውጣው። የእርሷ ብቻ ይቅርልህ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅብኝም።»

ከኪሱ መሐረብ አወጣና ፊቱን ጠረገ። ካሴቱን ከቴፑ ውስጥ አውጥቶ እጁ ላይ ገለበጠው።

«ተወው» አለኝ። «እኔን ካወጣኸኝ እርሷ ለማን ነው የምትመልሰው?»

ከዚያ ከጠረጴዛዬ ላይ ካቻቢቴውን አንስቶ ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለቱን ፕላስቲኮች ሰበራቸው።